ታንኩ ሲሮጥ መድፉ የት ነበር?

የካቲት 26 በመጣ ቁጥር ስለ ካራማራ ሲወራ የታንከኛውና የአብራሪው ጀግንነት ይነሳል። ይገባቸዋል። መድፈኛው ግን በወሬው ውስጥ ብዙም የለም። ቢነሳም ከኋላ ሆኖ የሚያጓራ፣ ጦሩ ፈጥኖ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ወደ ኋላ የሚቀር ከባድ ዕቃ ተደርጎ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጫወት ወጣቶቹ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄም ከዚሁ የሚመጣ ነው፦ ታንክና ተዋጊ አውሮፕላን፣ አሁን ደግሞ ድሮን ባለበት፣ በቀን 50 ኪሎ ሜትር በሚገሰግስ ጦር ውስጥ መድፍ ምን ይሠራል?

ጥያቄው ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው። ለመልሱም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከጅጅጋ ተነስቶ በካራማራ፣ በባቢሌና በሐረር አልፎ በደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው መንገድ በቂ አስተማሪ ነው። አርባ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ፈጣን ዘመቻዎች በዚህ መንገድ ዙሪያ ተካሂደዋል፤ በ1933፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.። በሦስቱም ጊዜ መድፉ የት እንደነበረና ጥይቱ ከየት እንደሚመጣለት ካልጠየቅን፣ ጦሩ ለምን አንድ ቦታ ላይ እንደበረረ፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ለምን እንደተገተረ አይገባንም። እኔ እንደሚገባኝ፣ ፈጣን ጦርነት የመድፍን ሥራ አያስቀርም። ሥራው ያው ሆኖ ጊዜው ይጠብበታል።

ከኮረብታ ጀርባ የሚተኮስ መሣሪያ

በመጀመሪያ አሠራሩን እንየው። የዛሬ መድፈኛ አብዛኛውን ጊዜ ዒላማውን በዓይኑ አያይም። መድፉ ከኮረብታ ጀርባ ወይም ሸለቆ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚተኩሰው። ዒላማውን የሚያየው ካርታ፣ መነጽርና ሬዲዮ ይዞ ከእግረኛው ወይም ከታንከኛው ጋር ፊት ለፊት ያለው ተመልካች ነው። እሱ ያየውን ቦታ በሬዲዮ ያሳውቃል። ከኋላ ያሉት የሒሳብ ሰዎች ርቀቱን፣ አቅጣጫውን፣ የከፍታውን ልዩነትና ነፋሱን አስልተው አፈሙዙ ምን ያህል ቀና እንደሚል፣ ወዴት እንደሚዞርና ምን ያህል ባሩድ እንደሚገባ ለመድፎቹ ይነግራሉ። የመጀመሪያው ጥይት ሲወድቅ ተመልካቹ «መቶ ሜትር ጨምር፣ ሃምሳ ወደ ግራ» እያለ ያርማል። ሲገጥም የባትሪው (አብረው የሚተኩሱ የጥቂት መድፎች ቡድን ባትሪ ይባላል) መድፎች በሙሉ ባንድ ላይ ይለቁታል።

ከእነዚህ ሦስቱ፣ ከተመልካቹ፣ ከሒሳቡና ከመድፉ፣ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። ጦር በፍጥነት ሲጓዝ ደግሞ ቶሎ የሚበጠሰው በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ነው። ተመልካቹ ከታንኩ ጋር ተራራ ተሻግሮ ይሄድና ሬዲዮው ከኋላ ካሉት ጋር መገናኘት ያቅተዋል። ያኔ መድፉ ጥይቱን ይዞ፣ ተኳሹም ተዘጋጅቶ፣ ዝም ብሎ ይቆማል።

የሒሳቡ ነገር ለእኛ አገር ሰው በተለይ ሊገባ ይገባል። የሶቪየት የተኩስ ሰንጠረዦች የተሠሩት የባሩዱ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ተብሎ ነው። ድሬዳዋ ቀን ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ፀሐይ ላይ የዋለ የባሩድ ሣጥን ደግሞ ከአየሩም በላይ ይግላል። የጋለ ባሩድ ቶሎ ይነድና ጥይቱን በበለጠ ኃይል ይገፋዋል፤ ጥይቱም ከታሰበለት ቦታ አልፎ ይወድቃል። ወደ ሐረር ሲወጣ ባሩዱ ይቀዘቅዛል፤ በ1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ መድፍ አፈሙዙን እኩል ቀና አድርጎ ድሬዳዋ ሜዳ ላይና ሐረር ተራራ ላይ ቢተኩስ ሁለቱ ጥይቶች እኩል አይርቁም። ጠዋት ደንገጎን የወጣ ባትሪ ከሰዓት በፊት ሒሳቡን እንደ አዲስ መሥራት አለበት። ጦሩ ጠላትን ከቦ፣ የራሱ ወገን ከዒላማው ማዶ ባለበት ሰዓት ይህን መርሳት የገዛ ወንድምን መግደል ነው።

ሮጦ የማይደርስበትን እንዴት ይመታል?

በ12 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተተኮሰ የ122 ሚሊ ሜትር ጥይት 40 ሰከንድ ገደማ አየር ላይ ይቆያል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታንክ በዚያ 40 ሰከንድ ውስጥ ከ330 ሜትር በላይ ይርቃል። በዚህ ላይ ተመልካቹ በሬዲዮ የሚናገርበትን፣ ሒሳቡ የሚሠራበትንና አፈሙዙ የሚዞርበትን ሁለት ሦስት ደቂቃ ብንጨምር ታንኩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። እንግዲህ መድፍ የሚሮጥ ታንክን እያሳደደ አይመታም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መድፈኛ የሚመታው ቦታን ነው። የሚሮጠው ሁሉ የግድ የሚያልፍበትን ድልድይ፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ የተራራ በር አስቀድሞ ይመርጣል፤ ሒሳቡን ሠርቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ጠላት እዚያ ሲደርስ ተመልካቹ የሚናገረው ቁጥሩን ብቻ ነው። ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚመጣ ሰው መንገዱን ቢያስተውል እነዚህን ቦታዎች ያለ ካርታ ይለያቸዋል። አንዱ ሰፊው የጅጅጋ ሜዳ አልቆ መንገዱ ወደ ካራማራ በር የሚገባበት ነው። ከባቢሌ በፊት ደግሞ ዳካታ አለ፤ እነዚያ ተደራርበው የቆሙ ግዙፍ ድንጋዮች ያሉበት፣ መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ እንደ ልቡ መሄድ የማይችልበት ሸለቆ። ሜዳ ላይ በአሥር መስመር ተበታትኖ የመጣ ሜካናይዝድ ጦር እዚህ ሲደርስ አንድ ሰልፍ ይሆናል። መድፈኛው የሚፈልገውም ይህንኑ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ መድፍ ብዙውን ሥራውን የሚሠራው በመግደል አይደለም። የሐረርጌን ገጠር የሚያውቅ ሰው ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ሆኖ ወንጭፍ የሚያወርደውን ልጅ ያውቀዋል። ልጁ ወፎቹን መትቶ መጨረስ አያስበውም፤ ሥራው ዛላው ላይ እንዳያርፉ ማድረግ ነው። የሚገሰግስ ታንክን የሚደግፍ መድፍም እንዲሁ ነው። ምሽግ ውስጥ ያለው ፀረ ታንክ ተኳሽ ቀና ብሎ እንዳያነጣጥር፣ የመትረየስ ተኳሹ አንገቱን እንዳያወጣ ያደርጋል። ታንኩና እግረኛው በዚያች አምስት አሥር ደቂቃ ሜዳውን ይሻገራሉ። ተኩሱ ቀድሞ ከቆመ ባላጋራው ቀና ይላል፤ ዘግይቶ ከቆመ ደግሞ የወገን እግረኛ ውስጥ ይወድቃል። የፈጣን ጦርነት መድፈኛ ጥበብ አብዛኛው እዚች ደቂቃ ላይ ነው ያለው።

ይህን የናቀ ጦር ምን እንደደረሰበት የሚያሳየው በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ሲና በረሃ ላይ የሆነው ነው። እስራኤሎች በ1967 እ.ኤ.አ. ጦርነት ታንካቸው ብቻውን ሮጦ ስላሸነፈላቸው ለመድፍና ለእግረኛ የሚሰጡትን ቦታ ቀንሰው ነበር። ጥቅምት 8 ቀን በስዊዝ ቦይ አቅራቢያ በመልሶ ማጥቃት የገቡት ታንኮች በቂ የመድፍም የእግረኛም ድጋፍ አልነበራቸውም። የጠበቃቸው ማልዩትካ የሚባለውን በሽቦ የሚመራ ፀረ ታንክ ሚሳይል የያዘ የግብፅ እግረኛ ነው። ማልዩትካ የሚተኩስ ወታደር ሚሳይሉ ሦስት ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ለ25 ሰከንድ ገደማ ዓይኑን ሳይነቅል በእጁ መምራት አለበት። አጠገቡ ሁለት ሦስት ጥይት ቢወድቅ ያ ሰው መጎንበሱ አይቀርም፤ ሚሳይሉም ይስታል። ጥይት አልወደቀበትም። ታንኮቹ ብዙ ተጎዱ። ታንክ ከመድፍ ጋር መሄድ እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

የ15 ኪሎ ሜትሩ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ዲ-30 የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ጦር ዘንድ በደንብ የሚታወቀው ባለ 122 ሚሊ ሜትር መድፍ በተለመደው ጥይት ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይተኩሳል። ክብደቱ ከሦስት ቶን ትንሽ ያልፋል፤ በጭነት መኪና ይጎተታል፤ የሠለጠነ ቡድን በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱን እግሮቹን ዘርግቶ ለተኩስ ያዘጋጀዋል። እግሮቹ በሦስት አቅጣጫ ስለሚዘረጉ አፈሙዙ መድፉ ሳይነሳ ዙሪያውን ይዞራል፤ ጠላት ከየት እንደሚመጣ በማይታወቅበት የሩጫ ጦርነት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

መድፍ ከግንባሩ ጋር ተለጥፎ አይተከልም፤ እንደ ደንቡ የርቀቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ኋላ ይሆናል። ስለዚህ ዲ-30ው ከፊተኛው እግረኛ 5 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ቢተከል ከግንባሩ አልፎ የሚሸፍነው 10 ኪሎ ሜትር ነው። ጦሩ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢገሰግስ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከመድፉ ሽፋን ይወጣል። ግማሽ ሰዓት! ስለዚህ አዛዡ መድፎቹን ለሁለት ይከፍላል፤ ግማሾቹ ሲተኩሱ ግማሾቹ ነቅለው ይሄዳሉ፤ እነዚያ ደርሰው ሲተከሉ የኋለኞቹ ይነሳሉ። ይህ ማለት በማንኛውም ደቂቃ የሚተኩሰው ካለው መድፍ ግማሹ ነው። በወረቀት ላይ 18 መድፍ ያለው ሻለቃ በሩጫ ላይ የዘጠኝ መድፍ ሻለቃ ነው።

ይህም ጥይቱ ሳይቆጠር ነው። ስድስት መድፍ ያለው ባትሪ እያንዳንዱ መድፍ በደቂቃ አራት ጥይት ለ10 ደቂቃ ቢተኩስ 240 ጥይት ይሆናል። አንዱ የ122 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ አረሩ ብቻ፣ ወደ 22 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አረሩ ብቻውን ከአምስት ቶን ይበልጣል። ባሩዱ፣ ቀለሁና ሣጥኑ ሲጨመርበት አንድ መካከለኛ የጭነት መኪና አይበቃውም። ለ10 ደቂቃ ተኩስ! መኪናው ተመልሶ ሄዶ፣ ጭኖ፣ ደንገጎን በማርሽ እያቃሰተ ወጥቶ እስኪመለስ ውጊያው አልቆ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፤ መንገዱ ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ይወጣና ነው ወደ ሐረር የሚዞረው። ያንን ዳገት ከጭነት መኪና ኋላ ተይዞ የተጓዘ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሮኬቱ ከዚህ የባሰ በላተኛ ነው። ቢኤም 21 ባንድ መኪና ላይ 40 ቱቦ ይዞ አርባውንም በ20 ሰከንድ ውስጥ ይለቃል፤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ለሚሮጥ ጦር ተስማሚ ነው፤ በራሱ ጎማ ይሄዳል፣ ተኩሶ ወዲያው ይነሳል። ግን በ20 ሰከንድ ያወጣውን እንደገና ለመሙላት ሌላ ሙሉ መኪና ሮኬት አጠገቡ መኖር አለበት።

መጋቢት 1933

የመጀመሪያው ሩጫ የእንግሊዝ ጦር ነው። ሞቃዲሾ የካቲት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ የናይጄሪያ ብርጌድ በጭነት መኪና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ገስግሶ መጋቢት 8 ቀን ጅጅጋ ገባ። ለዚያን ጊዜ እጅግ ፈጣን ግስጋሴ ነበር። ሜዳ ነው፤ ጣሊያኖቹም ወደ ኋላ እየሸሹ ነው። ካራማራ ሥር ሲደርስ ግን ጉዞው ቆመ። ተራራውና በሩ በጣሊያኖች እጅ ነበር፤ በጭነት መኪና የሚበር እግረኛ ደግሞ የተመሸገ ተራራ በጠመንጃ አይወጣም።

ጥቃቱ የተጀመረው ከአራት ቀን በኋላ መጋቢት 12 ነው፤ የደቡብ አፍሪካ መድፈኞች ደርሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ከተዋጉ በኋላ ጣሊያኖቹ ሌሊት ለቀው ወጡ። ከዚያ በኋላ በባቢሌና በቢሲዲሞ በኩል ሲታገሉ ቆይተው መጋቢት 17 ሐረር፣ መጋቢት 20 ድሬዳዋ ተያዙ። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱት፦ ሜዳው በመኪና ይበረራል፣ በሩ ላይ ይቆማል፣ መድፉ ይደርሳል፣ በሩ ይከፈታል፣ እንደገና ይበረራል። በሩን የከፈተው መድፉ ብቻ ነው አልልም፤ አውሮፕላኑም ነበር፣ የጣሊያኖቹ ልብም ቀድሞ ተሰብሮ ነበር። ያለ መድፍ ግን ያ ዳገት በብዙ ደም ነበር የሚወጣው።

ከነሐሴ 1969 እስከ የካቲት 1970

ስለ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጊዜ ስጽፍ በሁለቱም ወገን የወደቁት ልጆች ዘመዶች ዛሬም በዚህችው ከተማ ጎረቤታሞች ሆነው እንደሚኖሩ አልረሳም። የምጽፈው ስለ ጦርነቱ አሠራር ነው።

ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የገባው የሶማሊያ ጦር ከ200 በላይ ታንክ የነበረው፣ በሶቪየት ትምህርት የሠለጠነና ከታንኩ ጋር ጥሩ መድፍ የያዘ ጦር ነበር። በሶቪየት ትምህርት መድፍ የማጥቃት ግንባር ቀደም መሣሪያ ነው። የኢትዮጵያ ጦር በዚያን ጊዜ በአብዛኛው የአሜሪካ መሣሪያ ነው የነበረው፤ ባለ 105 ሚሊ ሜትሩ መድፍ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚተኩሰው። ሜዳ ላይ ፊት ለፊት በተኩስ ርቀት የሚበልጥ ባላጋራ ነበር የመጣበት።

ነሐሴ 11 ቀን ድሬዳዋ ላይ የተከፈተው ጥቃት ታንክም መድፍም ያለው ነበር፤ እስከ ከተማው ዳርቻ ደርሶ ግን ተመለሰ። ከተማዋን የያዘው ወታደርና ሚሊሻ በጽናት ተዋጋ፤ ከላይ ደግሞ የአየር ኃይሉ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ነበሩ። መድፍ የሰማይ ሽፋን በሌለው ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን እዚህ ታይቷል። ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ያለው መሬት ገላጣ ነው፤ የሚጎተት መድፍና ጥይት የጫነ መኪና ከአውሮፕላን የሚሸሸግበት የለም። ቀን ላይ ተተክሎ መተኮስ ካልቻለ ታንኩ ብቻውን ይቀራል።

ጅጅጋ ላይ ግን ሌላ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም. ከተማዋ ወደቀች፤ የካራማራ በርም ተከተለ። እዚህ ላይ ነው ጥያቄው። ካራማራን የያዘ ጦር ሐረር ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር አይቀረውም ነበር። በታንክ ፍጥነት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሐረር ደግሞ የ3ኛ ክፍለ ጦር መቀመጫና የጦር አካዳሚው ከተማ ናት፤ እሷን መያዝ የምሥራቁን ጦርነት የመወሰን ያህል ነበር። ሆኖም ያ ጦር ወራት ቢያጠቃም ሐረር አልገባም።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ዝናቡ ነበር፣ ጭቃው ነበር፣ የሐረር ተከላካይ ልብ ነበር። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የስንቅና የጥይቱን ነገር አስባለሁ። ከካራማራ በኋላ መሬቱ ይለወጣል፤ ታንክ የሚሮጥበት ሜዳ ያበቃና እያንዳንዱን ገዥ መሬት በመድፍና በእግረኛ መንጠቅ ያስፈልጋል። መድፍ ብዙ ጥይት የሚበላው ደግሞ በዚህ ዓይነቱ ቦታ ነው። ያ ጥይት ከድንበሩ ማዶ ተጭኖ፣ ሜዳውን ተሻግሮ፣ በአንዱ በር አልፎ ነው የሚመጣው፤ ኤፍ-5ቱ ደግሞ መንገዱ ላይ ናቸው። በዚያው ሰሞን ሶቪየት ኅብረት ለሶማሊያ መሣሪያ መስጠቷን አቆመች፤ ኅዳር 4 ቀን ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች። የሶቪየት መድፍ የሚበላው የሶቪየት ጥይት ነው። ምንጩ ሲደርቅ መድፉ ቢኖርም ዝም ይላል፤ መድፉ ዝም ሲል ታንኩ ዳገቱ ላይ ይቀራል።

በሌላው ወገን ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። ከኅዳር ጀምሮ በአየርና በአሰብ ወደብ የሶቪየት መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። ጥር 14 ቀን 1970 ዓ.ም. ሐረር ላይ የተሰነዘረው ትልቅ ጥቃት ከከሸፈ በኋላ መልሶ ማጥቃቱ ተጀመረ። በጥር መጨረሻ ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ሐረዋ አካባቢ የተደረገው ውጊያ ለኔ ከካራማራ ያላነሰ ትምህርት አለው። ከፊት ለፊት የሚያጠቃ የመሰለ ኃይል የባላጋራውን ዓይን ያዘ፤ አንድ የኩባ ብርጌድ ደግሞ ዞሮ ከጀርባ መጣ። እንዲህ ያለው ማታለል የሚሠራው ከፊት ያለው ኃይል እውነተኛ ሲመስል ነው። እውነተኛ የሚያስመስለውም ተኩስ ነው፤ ጠላት ያለበትን ትቶ ፊቱን እንዳያዞር የሚይዘው ይኸው ነው። የተያዘው ጦር ታንኩንና መድፉን ጥሎ ወጣ።

ከዚያም ካራማራ። በሩን ፊት ለፊት ማጥቃት በ1933 እንደታየው ነው፤ ገዥ መሬቱ ላይ ያለው ያያል፣ ከታች ያለው ይታያል። በሩ በባላጋራው እጅ እያለ ዋናው ኃይል በስተ ሰሜን በኩል ተራራውን በሸበሌ ማለፊያ ዞረ፤ በሄሊኮፕተር ጭምር ከተራራው ማዶ ኃይል ወረደ። ጅጅጋ ከጀርባ ስትጠቃ በሩን የያዘው ጦር የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም። የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ተመለሰች። በዚህ ዓይነት ዘመቻ የሚዞረው ኃይል ከባድ መድፉን በዚያ ተረተር ላይ ጎትቶ መውሰድ አይችልም። 27 ኪሎ ሜትር የሚተኩሰው ኤም-46 ዓይነቱ ረጅም መድፍ፣ ከሰባት ቶን በላይ የሚመዝነው፣ ተራራ ሳይሻገር ከዚህኛው ወገን ሆኖ ማዶ ያለውን የሚደግፈው ለዚህ ነው። ረጅም ርቀት ያለው መድፍ ነቅሎ የመሄድን ጊዜ ይቆጥባል፤ የ15 ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሰዓት ለሱ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆንለታል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል፤ ለልጆች ወላጆች። ከዚያ ጦርነት ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ በምሥራቁ አገር ሜዳና ተራራ ላይ ዛሬም ይገኛል። የዛገ ብረት ለመሸጥ ወይም ለመጫወት ማንሳት ሞት ነው። ያየ ሰው ሳይነካ፣ ቦታውን ምልክት አድርጎ፣ ለፖሊስ ይንገር።

ሌላም አገር ያው ነው

ችግሩ የእኛ አገር ተራራ ብቻ እንዳይመስለን ሁለት ምሳሌ ልጨምር። ግንቦት 13 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ሴዳን ላይ የሜዝን ወንዝ ሲሻገሩ ታንካቸውና እግረኛቸው ደርሶ ነበር፤ አብዛኛው መድፋቸው ግን በአርደን ጫካ መንገዶች ላይ በመኪና ጭንቅንቅ ተይዞ ቀርቷል። የመድፉን ሥራ ለአውሮፕላን ሰጡት፤ ቀኑን ሙሉ ቦምብ እያዘነቡ የፈረንሳይን መድፈኞች አንገት አስደፉ። ተሳካላቸው። ሰማዩ የነሱ ባይሆን ኖሮ ግን ያ ቀን ሌላ ታሪክ ይኖረው ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ኢራቅ ላይ ደግሞ አሜሪካኖች በራሱ ሰንሰለት የሚሄደው ኤም-109 መድፋቸው እንኳ ከአብራምስ ታንካቸው ጋር እኩል መሮጥ አቅቶት ታይቷል። ገንዘብና ቴክኖሎጂ ችግሩን ያቀለዋል፤ አያጠፋውም።

አሁን ድሮን መጥቷል

ወጣቶቹ ድሮን ሲያነሱ ትክክል ናቸው፤ ብዙ ነገር ቀይሯል። መጀመሪያ የቀየረው ተመልካቹን ነው። በፊት ታንኩን ተከትሎ የሚሮጠው፣ ሬዲዮው በተራራ የሚጋረድበት ሰው አሁን ከሰማይ ሆኖ ያያል። ዒላማው ከታየበት እስከሚተኮስበት ያለው ጊዜ በጣም አጥሯል። በዩክሬን ጦርነት ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የታየው ይህ ነው፤ ድሮኑ ያያል፣ መድፉ ይመታል፣ ድሮኑ ያርማል።

ትንሿ ድሮን የምትሸከመው ፈንጂ ጥቂት ኪሎ ነው፤ አንድ ባለ 155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ጥይት ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ምሽግ የሚያፈርሰው እሱ ነው። ክረምት ላይ ደንገጎ ጉም ሲለብስ ድሮን ማየት ይቸግራታል። መድፍ ግን ሒሳቡ ካለው በጉም ውስጥም ይተኩሳል።

ድሮኑ ሁለተኛ የቀየረው ነገር የመድፈኛውን ዕድሜ ነው። የጠላት ራዳር በአየር ላይ ያለውን ጥይት ተከትሎ ከየት እንደተተኮሰ ያውቃል፤ ድሮን ደግሞ ሄዳ ታረጋግጣለች። ተኩሶ የቆየ መድፍ ይመታል። እንደ ፈረንሳዩ ሴዛር ያሉ በጭነት መኪና ላይ የተገጠሙ መድፎች የተፈለጉት ለዚህ ነው፤ ቆመው፣ ስድስት ያህል ጥይት ለቀው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሄዳሉ። እንደ ጅጅጋ ባለ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለው መድፍ ያለ ጥርጥር ይሻላል። እንደ ደንገጎ ባለ ሸንተረር ላይ ግን በደንብ የተሸሸገ የሚጎተት መድፍ ገና ሥራ አለው ባይ ነኝ፤ በየገደሉ ጥግ አንድ አንድ ሆኖ ተበታትኖ፣ እንደ ድሮው ስድስቱ ባንድ መስመር ሳይሰለፍ።

በዚያ ሸንተረር ላይ የሚቸግረው የጥይት መኪናው ነው። ወደ ደንገጎ የሚያወጣው ዋና አስፋልት አንድ ነው፤ ድሮን ከላይ ሆና የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ትቆጥራለች። ጥይቱ በሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ መኪኖቹ ተራርቀው፣ አንድ ቦታ ሳይከመር በየመድፉ አጠገብ በትንሽ በትንሹ መራገፍ አለበት። ያ ማለት ለአንድ ባትሪ የ10 ደቂቃ ተኩስ የሚበቃውን ለማድረስ አንድ ሙሉ ሌሊት ሊፈጅ ይችላል። ታንኩ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ይነሳል።